የወርቅ ገንዘብ ስለ መግዛትና ድንበር ስለ ማሻገር

ሀብት ለቤተ ሰብ ረዳት የሚሆነው በሥርዓት ሲያዝ ነው። ያለ ሥርዓት የተያዘ ሀብት ግን ወንድምን ከወንድም እንደሚያጣላ፤ ዘመድን ከዘመድ እንደሚያካስስ፤ በፍርድ ቤት ተቀምጠን የባለ ጉዳዮችን ቃል ስንጽፍ የኖርን ሁሉ እናውቀዋለን። ስለዚህ የወርቅ ገንዘብ ስለ መግዛትና ከአገር ወደ አገር ስለ ማሻገር ጥቂት ቃል ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ነገሩ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን፤ ከእርስዋ በማይርቀው በየጁቤ የሚቆመው የባሶ ገበያ ስሙ የተጠራ ነበር። ከዓባይ ማዶ፤ ከጉድሩ፤ ከሊሙና ከእናርያ የሚመጡ ነጋዴዎች ወርቁን፤ የዝሆን ጥርሱን፤ ዝባዱንና ቡናውን ወደዚያ ያወጡት ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በ1873 ዓ. ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ከነገሡ በኋላ፤ በ1874 ዓ. ም. በእምባቦ ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ የተዋጉት ስለዚያ አገርና ስለ ንግዱ ጭምር ነው።

ወርቁ የሚመዘነው በወቄት ነበር፤ አንዱ ወቄት ከአንድ ጠገራ ብር ጋራ የሚተካከል 28 ግራም ያህል ነው። አንድ ሺህ ጠገራ ብር 28 ኪሎ ስለሚሆን የበቅሎ ጀርባ ይጠይቃል፤ ወርቅ ግን በነጋዴው መቀነት ይቋጠራል። ወርቅ ድንበር ለማሻገር የተወደደበት ምክንያት ይህ ነው፤ የጠፋ እንደ ሆነም ለማግኘት የሚያስቸግርበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ቃሉን ራሳችን የጻፍነውን አንድ ነገር እንናገር። የአንዲት ባልቴት ልጅ በባዕድ አገር ሠርቶ፤ ለሟች ወንድሙ ልጆች ማሳደጊያ እንዲሆን ስምንት የወርቅ ገንዘብ ገዛ፤ በእናቱም እኅት ልጅ እጅ ላከው። ዘመድ ነውና ደረሰኝ አልተጻፈም፤ ምስክርም አልተቈጠረም። መልእክተኛው ቀረጥ እንዳይጠየቅ ሲል ወርቁን በካፖርቱ ገበር ውስጥ ሰፋው። አገሩ በገባ ጊዜ ግን «በመንገድ ሲፈትሹኝ ተወሰደብኝ» አለ፤ ባልቴቲቱም «ወርቁን በላብኝ» ብለው ከሰሱት። ዳኛው «ዓይነቱ ምን ነበር? ሚዛኑስ ስንት ነው? የተገዛበት ወረቀት የት አለ? በተወሰደብህ ጊዜ የተሰጠህ ጽሑፍስ ወዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ፤ ከሁለቱ ወገን መልስ ያለው አልተገኘም። እኛም «ማስረጃ አልቀረበም» ብለን ከመጻፍ በቀር የምንጽፈው አጣን። ሰውዬው የተናገረው እውነት ይሁን ሐሰት እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ልጆቹ ግን ማሳደጊያቸውን አጡ፤ ሁለቱም ቤቶች በሠርግና በልቅሶ መገናኘትን ተዉ።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ሦስት ነገር ያድርግ።

መጀመሪያ፤ የሚገዛውን ይወቅ። የእንግሊዝ ሶቨሬን ሚዛኑ 7.98 ግራም ነው፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ወርቁ 7.32 ግራም ነው። ከ1967 እ. ኤ. አ. ጀምሮ የሚመታው የደቡብ አፍሪካ ክሩገራንድ 33.93 ግራም ሲመዝን ንጹሕ ወርቁ 31.1 ግራም ነው። ሁለቱም ባለ 22 ካራት ናቸውና ትርፉ እንዲጠነክሩ የተጨመረ ሌላ ማዕድን ነው። በወርቅ የተለበጠ መዳብ ስፋቱና ውፍረቱ ከእውነተኛው ጋራ እኩል ከሆነ ሚዛኑ ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ መለኪያና ሚዛን ብዙውን ሐሰት ያጋልጣሉ። ተንግስተን የሚባለው ማዕድን ግን እንደ ወርቅ ከባድ ስለ ሆነ፤ ብዙ የሚገዛ ሰው ለባለሞያ ያስመርምር። በቤቱም የ1889 ዓ. ም. የምኒልክ የወርቅ ገንዘብ ያለው ሰው ለአንጥረኛ ሰጥቶ አያቅልጠው፤ ጥንታዊ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ከወርቁ ዋጋ በላይ ይከፍሉበታልና።

ሁለተኛ፤ የገንዘቡን ዓይነት፤ ቍጥርና ሚዛን ከሻጩ ደረሰኝ ጋራ በሁለት ወረቀት ይጻፍ፤ አንዱ በላኪው አንዱ በተቀባዩ እጅ ይቀመጥ። ይህን ማድረግ ዘመድን መጠርጠር አይደለም፤ ዘመድን ከሐሜት ማዳን ነው እንጂ።

ሦስተኛ፤ በድንበር አይሸሽገው። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 3 ቀን 2021 እ. ኤ. አ. ጀምሮ፤ ከመቶው 90 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ወርቅ የሆነ ገንዘብ እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቈጠራል፤ ዋጋው 10,000 ዩሮ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይዞ ወደ ኅብረቱ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ ማስታወቅ አለበት። ማስታወቅ ማለት ቀረጥ መክፈል ማለት አይደለም። ወደ አገራችን የሚያስገባና የሚያስወጣም የብሔራዊ ባንክንና የጉምሩክን ደንብ መንገድ ሳይጀምር ይጠይቅ፤ ደንቡ ይለወጣልና የአምና መንገደኛ የነገረው አይበቃውም።

አባቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ብር ሲቀበሉ የንግሥቲቱን የዘውድ ዕንቍ ይቈጥሩ ነበር። በብሩም ጠርዝ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ቃል ተጽፎበታል፤ ጠርዙ የተጻፈበት በመሆኑ ሌባ ፍቆ እንዳያሳንሰው ይጠብቀዋል። ያ ብር በ1937 ዓ. ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወጣ ጊዜ ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቀረ፤ ትምህርቱ ግን አልቀረም። ጽሕፈት የብሩን ጠርዝ እንደ ጠበቀ ሁሉ፤ የቤተ ሰብንም ወርቅ፤ ይልቁንም የሙት ልጆችን ድርሻ፤ የሚጠብቀው ጽሕፈት ነው።