ቴስታታው ስለገጠመ ሞተሩ ተስማማ ማለት ነው?

አንድ የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባስ በዳገት መንገድ ላይ ሙቀት ጨምሮ ሲቆም፣ ከጋራዥ የሚመጣው ዜና ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቴስታታው ተሰንጥቋል። ተሽከርካሪው በቆመ ቁጥር የባለንብረቱ፣ የሾፌሩና የረዳቱ የዕለት ገቢ አብሮ ይቆማል። ለዚያው ሞተር የተሠራው ቴስታታ ከገበያ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ሲሆን፣ በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በክልል ከተሞች በሚገኙ የመለዋወጫ መደብሮች ሌላ አማራጭ ይቀርባል። ይኸውም የዚያው ፋብሪካ ምርት የሆነ፣ የቅርብ ዘመድ ሞተር ቴስታታ ነው።

ሐሳቡ መሠረት የለሽ አይደለም። የመኪና አምራቾች አንድን ሞተር ከነደፉ በኋላ መጠኑን እየለዋወጡ ብዙ ወንድምና እኅት ሞተሮችን ያወጡበታል። በመሆኑም የአንዱ ቴስታታ በሌላው ብሎክ ላይ የሚቀመጥበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ነገር ግን የቡሎን ቀዳዳዎቹ መገጣጠማቸው ከአራት ጥያቄዎች የመጀመሪያውን ብቻ ይመልሳል። ቀሪዎቹ ሦስቱ ውኃና ዘይቱ መንገዳቸውን ማግኘታቸው፣ እመቃው ልኩን መጠበቁ፣ እንዲሁም ፒስተንና ቫልቭ አለመጋጨታቸው ናቸው።

የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች

ብሎክ ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱባቸውን ሲሊንደሮች የያዘው የሞተሩ ግንድ ነው። ቴስታታ ደግሞ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድንና ቫልቮቹን የያዘ ክፍል ነው። በሁለቱ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን የሚቃጠለውን ጋዝ፣ ውኃውንና ዘይቱን እያንዳንዳቸውን በየመንገዳቸው ይጠብቃል።

በኢትዮጵያ መንገዶች በብዛት ከሚታዩት መካከል የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕና ሃያስ ሚኒባስ ይገኙባቸዋል። እነዚህ ተሽከርካሪዎች ለረጅም ዓመታት የተጠቀሙበት የናፍጣ ሞተር ቤተሰብ ለጉዳዩ ጥሩ ማሳያ ነው። የ2ኤል ሞተር የሲሊንደር ስፋት 92 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተን ጉዞው 92 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ መጠኑም 2 ሺህ 446 ሲሲ ነው። በ3ኤል ሁለቱም ልኮች ወደ 96 ሚሊ ሜትር አድገው መጠኑ 2 ሺህ 779 ሲሲ ይደርሳል። 5ኤል የ3ኤልን የፒስተን ጉዞ ይዞ ስፋቱን ወደ 99.5 ሚሊ ሜትር በማሳደግ 2 ሺህ 986 ሲሲ ሆኗል።

ከውጭ ለሚያያቸው ሦስቱም እጅግ ይመሳሰላሉ። አንድ ስም የያዙ ሞተሮች እንኳ በውስጣቸው ሊለያዩ ይችላሉ። ቀደምቶቹ 2ኤል ሞተሮች ቫልቮቻቸውን በሮከር ክንድ አማካይነት ይከፍቱ ነበር። በኋላ የመጡት ግን ካምሻፍቱ ቫልቮቹን በቀጥታ እንዲጫን ተደርገው ተሠርተዋል። ስለዚህ «የ2ኤል ቴስታታ» የሚለው መጠሪያ ብቻውን በቂ መረጃ አይሰጥም፤ የተሠራበት ዘመንና የዕቃው ቁጥርም መታወቅ አለባቸው።

ውኃ፣ ዘይትና እሳት በአንድ ገጽ ላይ

ብሎክና ቴስታታ የሚገናኙበት ገጽ በርካታ ቀዳዳዎች አሉት። አንዳንዶቹ ቡሎን የሚያልፍባቸው ናቸው። ሌሎቹ የማቀዝቀዣ ውኃ ወደ ላይ የሚወጣባቸው፣ የተቀሩት ደግሞ ዘይት ወደ ካምሻፍቱ የሚደርስባቸውና ተመልሶ የሚወርድባቸው ናቸው። የውኃ ቀዳዳዎቹ መጠን እንዲያው በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። ጓርኒሲዮኑ አንዱን ቀዳዳ አስፍቶ ሌላውን ሲያጠብ፣ ውኃው በይበልጥ ወደሚግለው ሲሊንደር እንዲያደላ እያደረገ ነው። የዘመድ ሞተር ቴስታታ ሲጫን ይህ ሥርዓት ከተዛባ ሞተሩ ያለ ችግር ይነሣል፤ በከተማ ውስጥም በሰላም ይመላለስ ይሆናል። ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ሲወጣ ግን አንደኛው ጥግ ከሌላው በላይ ይግላል። አዲስ የተገዛው ቴስታታም እንደ ቀዳሚው ይሰነጠቃል።

የስፋት ልዩነቱም የራሱ ጣጣ አለው። ለ92 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር የተሠራ ጓርኒሲዮን በ96 ሚሊ ሜትር ብሎክ ላይ ቢቀመጥ፣ የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ይህ ጠርዝ በእሳቱ ውስጥ እየጋለ ቀስ በቀስ ይበላል፤ በመጨረሻም ጋዝ ወደ ውኃው፣ ውኃ ወደ ዘይቱ መንገድ ያገኛሉ። የዘይት መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ መታየቱ የዚህ ጉዳት የታወቀ ምልክት ነው።

ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታመጣው ለውጥ

ሦስተኛው ጥያቄ በዓይን የማይታይ በመሆኑ በቀላሉ ይዘነጋል። ፒስተን ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የሳበውን አየር ወደ ጠባብ ቦታ ያምቀዋል። የአየሩ መጠን ከመታመቁ በፊት ከታመቀበት በኋላ ካለው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር የእመቃ ምጣኔ ይባላል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በታመቀው አየር ሙቀት ስለሆነ ይህ ቁጥር ለእርሱ የሕልውና ጉዳይ ነው።

በ2ኤል ሞተር አንዱ ሲሊንደር 611 ሲሲ ገደማ ይይዛል። ምጣኔው 22 ለ 1 ቢሆን፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ለአየሩ የሚቀረው ቦታ 29 ሲሲ ብቻ ነው። ከትክክለኛው በግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ ጓርኒሲዮን ቢገባ በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ 3 ሲሲ ያህል ይጨመርበታል፤ ምጣኔውም ወደ 20 ይወርዳል። ልዩነቱ በሞቃት ቆላ እምብዛም ላይታይ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ግን አየሩ ስስ፣ ንጋቱም ብርዳማ ስለሆነ ሞተሩ ለመነሣት ይቸገራል፤ ነጭ ጭስም ይተፋል።

በተቃራኒው የትንሹ ሞተር ጠባብ ማቃጠያ ክፍል በትልቁ ብሎክ ላይ ሲጫን እመቃው ከልክ ያልፋል። የ3ኤል አንዱ ሲሊንደር 695 ሲሲ ገደማ ስለሚይዝ፣ ያው 29 ሲሲ ክፍተት ሳይለወጥ ቢቀር ምጣኔው ወደ 25 ይጠጋል። ይህም በጓርኒሲዮኑ፣ በቡሎኖቹና በፒስተኑ ላይ ያልታሰበ ጫና ያሳርፋል። የናፍጣ ፓምፑ የሚልከው የነዳጅ መጠንም ለአዲሱ ጥምረት ካልተስተካከለ ጥቁር ጭስና ተጨማሪ ሙቀት ይከተላሉ።

የቤንዚን ሞተሮችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። በኮሮላ የሚታወቀው 4ኤ ሞተር 1 ሺህ 587 ሲሲ፣ ታላቁ 7ኤ ደግሞ 1 ሺህ 762 ሲሲ ነው። የሁለቱም የሲሊንደር ስፋት 81 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለያዩት በፒስተን ጉዞ ነው፤ የመጀመሪያው 77፣ ሁለተኛው 85.5 ሚሊ ሜትር። በ4ኤ ላይ 9.5 ለ 1 የሚሰጥ ክፍተት ሳይለወጥ በ7ኤ ላይ ቢውል ምጣኔው 10.4 ይሆናል። እመቃው ከነዳጁ ጥራት ጋር ካልተጣጣመ ደግሞ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል።

ፒስተንና ቫልቭ ሲገናኙ

አራተኛው ጥያቄ ስሕተትን የማይታገሥ ነው። ቫልቭ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ሲከፈት ፒስተኑ ቦታ መልቀቅ አለበት። ለዚህም በብዙ ፒስተኖች አናት ላይ ለቫልቭ የተቆፈሩ ሰርጓዳ ቦታዎች አሉ። የቫልቮቹ ስፋት ወይም ዘመም ማለታቸው ከተለየ፣ ሰርጓዳዎቹ ከቫልቮቹ ጋር አይገናኙም።

በተለያዩ አገሮች የሚገኙ የመኪና አፍቃሪዎች ለውድድር የተሠራ ባሕርይ ያለውን የ4ኤጂኢ ቴስታታ በ7ኤ ብሎክ ላይ በመጫን ኃይለኛ ሞተር ይሠራሉ። ጥምረቱ የተሳካ ነው፤ የሚሳካው ግን ተስማሚ ፒስተን ተመርጦለትና የ7ኤ ብሎክ ቁመቱ ከፍ ያለ በመሆኑ ረዘም ያለ የታይሚንግ ቺንጋ ተገኝቶለት ነው። ቴስታታውን ብቻ ቀይሮ የቀረውን እንዳለ የተወ ሰው ቫልቭ አጣምሞ ሊመለስ ይችላል።

ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ይህን አስቀድመው ይፈትሻሉ። በፒስተኑ አናት ላይ ለስላሳ የመጫወቻ ጭቃ ያስቀምጡና ቴስታታውን አስረው ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለው ሁለት ሙሉ ዙር ያዞሩታል። ከዚያም ፈትተው ቫልቩ በጭቃው ላይ የተወውን ውፍረት ይለካሉ። ዙሩ መሐል ላይ ከተያዘ በኃይል አይገፋም፤ የተያዘበት ምክንያት ይፈለጋል እንጂ።

ከመካኒክ ሥራ ባሻገር

የሞተር ቁጥር የሚመታው በብሎኩ ላይ ነው። ይህ ቁጥር በተሽከርካሪው ሊብሬ ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ሰፍሮ ይገኛል። ስለዚህ ቴስታታ የቀየረ ሰው በሊብሬው ላይ የሚለወጥበት ነገር አይኖርም። ብሎክ የቀየረ ግን የሞተሩን ሕጋዊ ማንነት ቀይሯልና የግዢ ሰነዱን ይዞ ለመዝጋቢው አካል ማሳወቅ ይኖርበታል። ያለዚያ በዓመታዊ ምርመራ ወይም በሽያጭ ጊዜ ቁጥሮቹ ሳይገናኙ ሲቀሩ ባለንብረቱ ለጥያቄ ይዳረጋል።

ነገሩ ያገለገለ መኪና ለሚገዛም ይጠቅማል። በብሎኩ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል መሆኑ በላዩ የተቀመጠው ቴስታታ የዚያው ሞተር መሆኑን አያረጋግጥም። የተጣመረ ሞተር በራሱ ነውር የለበትም፤ ምን ከምን እንደተጣመረ ሳይነገር መሸጡ ግን ቀጣዩ ጥገና የተሳሳተ ጓርኒሲዮንና የተሳሳተ ቺንጋ እንዲገባበት ያደርጋል።

በመሆኑም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት አሮጌውና አዲሱ ቴስታታ ጎን ለጎን ተደርገው አንዱ ጓርኒሲዮን በሁለቱም ላይ ሊለካ ይገባል። የቫልቮቹ ስፋትና የማቃጠያ ክፍሉ ይዘትም በልክ መታወቅ አለባቸው። የማቃጠያ ክፍሉን ይዘት በመርፌ ሲሪንጅ ፈሳሽ እየሞሉ መለካት ይቻላል። ሥራው ሲጠናቀቅ የየትኛው ሞተር ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮንና ቺንጋ እንደገባ በወረቀት ተጽፎ ከሊብሬው ጋር ቢቀመጥ፣ ሚኒባሱ በሌላ ከተማ ቢበላሽ እንኳ የሚከፍተው ባለሙያ ያለ ግምት ይሠራል።