የተጣመመ ታይሮድ አይቃናም፣ ይቀየራል

ክረምቱ ሲወጣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤተሰባቸውን ይዘው ከከተማ ለመውጣት የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ዘይት ይቀየራል፣ ፍሬን ይታያል፣ መኪናው ይታጠባል። ሐምሌንና ነሐሴን ውሃ ባቆሩ ጉድጓዶች ላይ ሲንገጫገጭ የከረመውን የመኪናውን የፊት እግር ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታይም። ጎማው ድንገት ሲገባበት ወይም የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሲመታ ጉዳት ከሚደርስባቸው ክፍሎች አንዱ መካኒኮች ታይሮድ የሚሉት ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ሥራው የመሪውን እንቅስቃሴ ለፊት ጎማዎች ማድረስ ነው። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ የቤት መኪኖች ላይ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ይገኛል። እንደ ላንድክሩዘር 70 ባሉ መኪኖች ላይ ደግሞ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዝ ረጅም ዘንግ ስላለ፣ ከጉድጓዱ ሌላ የገጠር መንገድ ድንጋይም ሊያጣምመው ይችላል። ዘንጉ ከጎማው ጋር የሚገናኘው ቴስቲና በሚባለው፣ እንደ ኳስ በሚዞር መጋጠሚያ ነው።

መኪናዎ ምን ይልዎታል?

ታይሮድ ሲጣመም መኪናው ምልክት ይሰጣል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እየነዱ መሪው ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ከታየ፣ መኪናው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሳበ፣ ጎማው በአንድ ጠርዙ ብቻ ቶሎ ከተበላ ይጠርጥሩ። እነዚህ ምልክቶች በሌላ ምክንያትም ሊመጡ ይችላሉ። ከኃይለኛ ምት በኋላ ከታዩ ግን መጀመሪያ መታየት ካለባቸው ነገሮች አንዱ ታይሮድ ነው።

ቤትዎ ሆነው ማየት የሚችሉትም አለ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው መሪውን ያቅኑና ከፊት ለፊት ቆመው ሁለቱን ጎማዎች ያስተያዩ። አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ወደ ጎን ካየ መካኒክ ይጥሩ፤ ሳያስመረምሩ አይንዱ።

“እናቃናዋለን” ሲባሉ

አንዳንድ ቦታ ዘንጉን በመዶሻ ወይም በእሳት አቃንቶ የመመለስ ሐሳብ ይቀርባል። ወጪው ትንሽ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን አንዴ የታጠፈ ብረት መልሶ ሲቀና በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊያበጅ ይችላል። እሳት ደግሞ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ዘንጉን ያጣመመው ምት ቴስቲናውንም ጎድቶት ሊሆን ይችላል።

በከተማ ውስጥ ቀስ እያለ ሲነዳ ችግር የሌለበት የሚመስል ታይሮድ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሊበጠስ ይችላል። ያኔ ጎማው ከመሪው ትእዛዝ ውጪ ይሆናል። መሪ ቢያዞሩ አይሰማም፤ ልጆች ኋላ ተቀምጠዋል፣ ከፊት ከባድ መኪና ይመጣል። ለማቃናት የተቆጠበው ገንዘብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ሲያስቀይሩ ምን ይጠይቁ?

ሥራው ለሠለጠነ መካኒክ ከባድ አይደለም። ጎማው ይወልቃል፣ የቴስቲናው ዳዶ ተፈቶ መጋጠሚያው በማላቀቂያ መሣሪያ ይለቀቃል፣ አሮጌው ዘንግ ይፈታል። ጥሩ መካኒክ ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጥራል፤ አዲሱንም በዚያው ልክ ያስገባዋል። ይህ መኪናውን ጎማ ወደሚስተካከልበት ቦታ ለማድረስ እንጂ የመጨረሻው ልክ አይደለም።

መካኒኩ አሮጌውን ዕቃ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ዘንጉን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲያንከባልሉት ከዘለለ ተጣሟል። ዳዶውን የሚቆልፈው ፒን ካለ አሮጌው ተመልሶ እንዳይገባ፣ በአዲስ እንዲተካ ያሳስቡ። ዕቃውን ራስዎ የሚገዙ ከሆነ የመኪናውን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት ይያዙ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ይገኛል፤ የቴስቲና ውስጣዊ መበላት ግን ከውጭ ስለማይታይ ለዚህ ክፍል አዲስ መግዛት ይሻላል።

እጄ ይችላል ብለው ቤት የሚሞክሩ አባወራዎች አንድ ነገር አይርሱ። በክሪክ ብቻ ወይም በብሎኬት ከተደገፈ መኪና ሥር አይግቡ። ክሪክ ሊንሸራተት፣ ብሎኬት ድንገት ሊፈረካከስ ይችላል። ለዚሁ የተሠራ የብረት መደገፊያ ያስፈልጋል፤ ልጆችም ከአካባቢው መራቅ አለባቸው።

አላይመንት ሳይሠራ አልተጠናቀቀም

ታይሮድ የጎማዎቹን አቅጣጫ የሚወስን ክፍል ስለሆነ፣ ተቀይሮ አላይመንት ካልተሠራ ሥራው ግማሽ ነው። የጥቂት ሚሊ ሜትር መዛባት ጎማውን ወደ ጎን እየጎተተ ስለሚፍቀው፣ አዲስ ጎማ ሳይቆይ ይበላል። አላይመንቱ እንዳለቀ መሪው ቀጥ ማለቱን ሠራተኛው ባለበት ነድተው ያረጋግጡ።

ይህን ሁሉ ለጉዞው ዋዜማ አያቆዩት። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ያስቀይሩ፤ ጥቂት ቀናት በከተማ ውስጥ ይንዱትና ዳዶዎቹ እንዳልላሉ መካኒኩ ዳግመኛ ይይልዎት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዕቃዎን ጭነው መንገድ ከመጀመርዎ በፊት የሚገኝ ብልሽት ቀላሉ ብልሽት ነው።