በክረምት በብስክሌት መመላለስ የሚያስከትላቸው ጉዳቶች

በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና እነርሱን በመሳሰሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት የብዙኃኑ መጓጓዣ ከሆነ ረጅም ዘመን ተቆጥሯል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ግንበኛውና የቢሮ ሠራተኛው ማለዳ ወደ ተግባሩ፣ ማምሻውን ወደ ቤቱ የሚመላለሰው በዚሁ ነው። በየዕለቱ ብስክሌት መንዳት ልብንና የደም ሥሮችን እንደሚያጠነክር፣ ክብደትንና የደም ግፊትን ለመቆጣጠር እንደሚረዳም የታወቀ ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ግን ይኸው መልካም ልማድ የራሱን አደጋዎች ይዞ ይመጣል። በተለይም ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ የማያንሰው በሐምሌና በነሐሴ በሚወርድባት በባሕር ዳር ብስክሌተኛው በእርጥብ መንገድ ላይ መንዳቱ የማይቀር ነው።

በክረምት ብስክሌተኛው አብዝቶ የሚፈራው ብርድን ነው። ብርድ እንዳይመታውና ሳንባ ምች እንዳይዘው ደረቱን በወፍራም ልብስ ይሸፍናል፤ ቤተሰቦቹም ከዚህ የበለጠ የሚያሳስባቸው ነገር የለም። ሳንባ ምች የሚመጣው ግን በባክቴሪያ፣ በቫይረስና በመሳሰሉት ተሕዋስያን እንጂ በዝናብ በመበስበስ አይደለም። እርግጥ ነው፣ የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቀዝቃዛ አየር እያለከለኩ ሲተነፍሱ ትንፋሻቸው ሊያጥር ስለሚችል የሚነፋ መድኃኒታቸውን ከኪሳቸው ባይለዩ ይመረጣል። ከዚህ ውጭ ብርዱ ብስክሌተኛውን የሚጎዳው ብዙም ባልታሰበ መንገድ ነው። ጣቶችን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬንን በፍጥነትና በመጠን ለመያዝ አይችልም። የክረምቱ ዋነኛ አደጋም መውደቅ ነው።

በሰሜን አውሮፓ ክረምት ብስክሌተኛን የሚጥለው መንገድ ላይ የረጋው በረዶ ሲሆን በኢትዮጵያ ክረምት ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ውኃና ጭቃ ናቸው። በአገሪቱ በብዛት የሚታዩት ከባድ ብስክሌቶች ቸርኬያቸው የብረት ነው። የፍሬኑ ላስቲክ እርጥብ ብረት ላይ ሲያርፍ አብዛኛውን የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ጎማው ጥቂት ዙር ዞሮ ውኃው እስኪጠረግ ድረስ ብስክሌቱ ያልተያዘ ያህል ይሄዳል። በዚህ የሚደነግጥ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ይጨብጣል፤ ውኃው ተጠርጎ ፍሬኑ በድንገት ሲይዝ የፊት ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። እርጥብ ኮብልስቶን፣ የእግረኛ ማቋረጫ ቀለምና የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳን ደግሞ ከአስፋልቱ ይበልጥ ያንሸራትታሉ። ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚጥለው ዝናብ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችም የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ አቧራውና የመኪና ዘይቱ ገና አልታጠቡምና። ኩሬ የሸፈነውን ጉድጓድ ጥልቀት በዓይን መለየት አይቻልም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በአንድ እጅ ጃንጥላ ይዞ በሌላው መሪ መጨበጥ እንደ ደህና ልማድ መቆጠሩ ነው። ጃንጥላ የያዘ ሰው አንዱን ፍሬን ከናካቴው ትቶታል፤ ነፋስ ጃንጥላውን ሲገፋውም ወዴት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። የዝናብ ልብስ ይሻላል፤ ቆቡ ግን ግራና ቀኙን የሚጋርድ፣ ጫፉም ካቴና ውስጥ የሚገባ መሆን የለበትም።

ከውድቀት ጉዳቶች ሁሉ ለሕይወት የሚያሰጋው የጭንቅላት ጉዳት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመና ከ64,000 በላይ ጉዳት የደረሰባቸውን ብስክሌተኞች የሚመለከቱ 40 ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና ሄልሜት ማድረግ ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ለጊዜው የተሻለው ሰው ቆይቶ ቢያስመልሰው፣ ራስ ምታቱ ቢበረታበት ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል። እንቅልፉ እንደ ድካም መታየት የለበትም።

ዘወትር የሚያጋጥመው ግን የእጅ ስብራት ነው። የሚወድቅ ሰው መሬቱን ለመግፋት እጁን መዘርጋቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ የሰውነቱ ክብደት በመዳፉ በኩል አልፎ የክንዱን አጥንት ከእጅ አንጓው አጠገብ ይሰብረዋል። ይህ ጉዳት በራሱ ቀላል ሊባል የሚችል ነው። በአግባቡ ተቃንቶ በጀሶ ከታሰረ በስድስት ሳምንት ገደማ የሚጠገን በመሆኑ ሰውየው ወደ ሥራውም ወደ ብስክሌቱም ይመለሳል። አሳሳቢው፣ በስብራቱና በሐኪሙ መካከል የሚፈጸመው ነው።

የወደቀው ሰው በአብዛኛው መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ይህን በድንቁርና ብቻ መተርጎም ተገቢ አይደለም። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ክፍያው ትንሽ ነው፤ ወረፋ የለውም፤ ራጅ ሳያስነሣ ያሽና ያስራል። ብዙ ስብራቶችም ከማንም እጅ ቢገቡ በተፈጥሮ የሚገጥሙ ስለሆኑ ምስጋናው ለወጌሻው ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው እጁ ገና ማበጥ ሳያቆም ዙሪያውን በቀርከሃ ተደግፎ በጨርቅ ሲጠፈር ነው። የክንድ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ውስጥ የታሸጉ ናቸው። ስብራቱ ያስከተለው ደምና እብጠት በዚህ ሽፋን ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ ጥብቁ ማሰሪያም ይህን ግፊት ከውጭ ያከብደዋል። ግፊቱ ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ግፊት ሲበልጥ ደም ወደ ጡንቻው መድረሱን ያቆማል። በዚህ ሁኔታ ስድስት ሰዓት ያህል የቆየ ጡንቻና ነርቭ መልሶ የመዳን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። የሞተው ጡንቻ ከርሞ ይኮማተርና ጣቶቹን እንደ ጥፍር ቆልምሞ ያስቀራል፤ ሁኔታው ሲከፋም እጁ ጋንግሪን ይዞት መቆረጥ ግድ ይሆናል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በዚህ ሳቢያ እጅና እግራቸውን ካጡት መካከል ሕፃናት በርካታ ናቸው።

ምልክቶቹን ማንም ሰው ሊለያቸው ይችላል። ዋነኛው ከስብራቱ ጋር የማይመጣጠን፣ ከታሰረ በኋላ እንደ መቀነስ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው። ሌላ ሰው የታማሚውን ጣቶች ቀስ አድርጎ ሲያቀናቸው ሕመሙ ይበረታል። ከዚያም ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይገረጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ። የደም ሥር ትርታ መኖሩ ግን ማንንም ማዘናጋት የለበትም፤ ጡንቻው እየሞተ ትርታው ሊቀጥል ይችላልና። ሕመሙን "አጥንቱ እየገጠመ ነው" በማለት ማስታገሻ ሰጥቶ ማሳደር ብዙ እጆችን አሳጥቷል። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ ሙሉ በሙሉ መፍታት፣ እጁን በልብ ትክክል ማሳረፍና ታማሚውን ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ያለ መዘግየት ማድረስ ነው። ይህ ለጀሶም ያገለግላል። ጀሶ ያሰረ ባለሙያ ታማሚውን ሲያሰናብት ሕመሙ ከባሰ በዚያው ሌሊት እንዲመለስ በቃል መንገር አለበት፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ የቀጠሮ ቀን ብቻ ይህን አይተካም።

የቆሰለ ጉልበትና ክርን ከስብራቱ አጠገብ ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል። ይሁንና የክረምት ጭቃ የከብትና የጋሪ ፈረስ ፋንድያ የተቀላቀለበት ስለሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያን ዘር የሚሸከም አፈር ነው። ቁስሉ በብዙ ንጹሕ ውኃና ሳሙና መታጠብ፣ ጠጠሩም መውጣት አለበት፤ ቡና ወይም ቅቤ መነስነስና መቀባት ዘሩን በውስጡ ማሸግ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው በአብዛኛው ከ3 እስከ 21 ቀናት ውስጥ በመሆኑ አፍ አልከፈት ሲልና መዋጥ ሲያስቸግር ቁስሉ ምናልባት ድኖ ሊረሳ ይችላል። በዚህ ረገድ ወንዶች የተለየ ትኩረት ያሻቸዋል። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች የዚህን ክትባት ተደጋጋሚ መጠን እንዲያገኙ ሲደረግ፣ ወንዱ በሕፃንነቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ተከትቦም ከሆነ መከላከያው እያደር ይዳከማል፤ አገር አቀፉ የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት የተወለደው ደግሞ ጭራሹኑ ሳይከተብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጭቃ የነካው ቁስል ይዞ የመጣ ብስክሌተኛ የመጨረሻ ክትባቱን መቼ እንደወሰደ መጠየቅ ይገባል። አምስት ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ይሰጠዋል። ከሦስት መጠን ያነሰ የወሰደ ወይም ጨርሶ የማያስታውስ ከሆነ ከክትባቱ በተጨማሪ ፀረ መርዙ በዚያው ዕለት ያስፈልገዋል፤ ያልተከተበው ሰው ሁለተኛውን መጠን ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛውን ቢያንስ ከዚያ ስድስት ወር ቆይቶ እንዲወስድ ቀኑ ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል።