የብራ ሰሞን ናዳ

የስዊዘርላንዷ ዳቮስ በእኛ አገር ዜና የምትነሣው ጥር ላይ መሪዎችና ባለሀብቶች ሲሰበሰቡባት ነው። ለአልፕስ ተራሮች ነዋሪ ግን ከጉባኤው ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚችው ከተማ ያለው የበረዶና የበረዶ ናዳ ምርምር ተቋም ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከከተማዋ በላይ ቫይስፍሉዮህ በተባለው ከፍታ በረዶን ማጥናት ጀመሩ፤ ከ1945 ወዲህ ደግሞ ተቋሙ ለሕዝብ የናዳ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አደጋው ከ1 እስከ 5 ባለ ደረጃ ይነገራል። 5 ሲባል ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ የሚያዘናጋው 3 ነው። በናዳ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ ሕይወታቸው የሚያልፈው በዚህ ደረጃ ቀን ነው።

በእኔ ግምት መግለጫውን ማንበብ የሚከብደው በረዶ ሲጥል አይደለም፤ ሳይጥል ሳምንታት አልፈው፣ ቀኑ ሞቅ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ያኔ አንድ ቁጥር ለቀኑ ሁሉ አይበቃም።

ሌሊቱ ብራ ከሆነ የበረዶው ሙቀት ወደ ጠፈር ያመልጣል። አየሩ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ የበረዶው ገጽ ይጠጥራል፤ ጠዋት ቢረግጡት አይሰምጥም። ፀሐይ ስትበረታ ግን ይቀልጥና ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ ንብርብሮቹን ያላላቸዋል። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ የዞረው ተዳፋት፣ ቀጥሎ የደቡቡ፣ መጨረሻ ላይ የምዕራቡ ይከዳል። የተራራ መሪዎች ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ቀትር ሳይሆን የሚወርዱት ለዚህ ነው። ሌሊቱ ደመናማ ከነበረ ስሌቱ ይፈርሳል፤ ደመናው ሙቀቱን አፍኖ ስለሚያሳድረው አደጋው ገና በማለዳ ይጀምራል።

ፀሐይ የማታገኘው የሰሜኑ ፊት ጠባዩ ሌላ ነው። በረዶው ስስ በሆነበት ቦታ ሥሩ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲቆይ ላዩ እጅግ ይቀዘቅዛል። ከታች የሚወጣው እንፋሎት በዚህ መካከል እየረጋ ቅንጣቶቹን ያሳድጋቸዋል፤ ሲዘግኑት እንደ ስኳር ከእጅ የሚፈስ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ በረዶ ይሆናል። ጭነት እስካላረፈበት ድረስ ምንም አይሆንም፤ መግለጫውም 1 ሊል ይችላል። ባለሙያዎቹ ግን በዚሁ የጸጥታ ሰሞን በረዶውን ቆፍረው ንብርብሩን በአጉሊ መነጽር ያያሉ። የሚያስጨንቃቸው መጪው በረዶ የሚያርፍበት መሠረት ነው።

ነፋስ ያጀበው ግማሽ ሜትር በረዶ በዚያ ላይ ከወረደ ደረጃው ባንድ ሌሊት ወደ 3 ወይም 4 ሊዘል ይችላል። ከ30 ዲግሪ በላይ በሚያዘቀዝቅ ተዳፋት ላይ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃል፤ በናዳ የሚያዙት አብዛኞቹ ናዳውን ያስነሡት ራሳቸው ወይም አብረዋቸው ያሉ ናቸው። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያሽቆለቁል ሄሊኮፕተር እስኪመጣ መጠበቅ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተጓዥ የሬዲዮ ምልክት የሚሰጥና የሚቀበል መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይዞ ይወጣል።