ጭላዳና እኛ፦ የአንጎል ማብሪያና ማጥፊያ

በእኛ በመካነ ብርሃን ገብስ ሲጠብቅ ከጭላዳ ጋር እልህ ያልተጋባ ልጅ የለም። በእናቱ ጀርባ ላይ የተፈናጠጠውን ትንሹን ጭላዳ ያየ ሰው ጣቱና ፊቱ ከሕፃን ጋር መመሳሰሉ ይገርመዋል። ታዲያ አንጎላችን ለምን እንዲህ ተለያየ?

መልሱ «አዲስ ጂን ስላለን» ብቻ አይደለም። ጂን ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ ነው። የጉበትም የአንጎልም ሕዋስ የያዘው መመሪያ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የትኛው ጂን፣ የትና መቼ ይሥራ የሚለው ነው። ይህን የሚወስኑት እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚያገለግሉ የዲ ኤን ኤ ክፍሎች ናቸው።

ሜሪ ክሌር ኪንግና አለን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሰውና የቅርብ ዘመዳችን የቺምፓንዚ ፕሮቲኖች እጅግ ተቀራራቢ መሆናቸውን አይተው፣ ልዩነቱ በአመዛኙ ከዚህ ቁጥጥር ሳይመጣ አይቀርም አሉ። በ2015 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሄር 5» የተባለውን ማብሪያ በአይጥ ፅንስ ላይ ሞከሩ። የሰውን ማብሪያ የተቀበሉት አይጦች፣ የቺምፓንዚውን ከተቀበሉት አንጎላቸው በ12 በመቶ በለጠ።

ጊዜም ወሳኝ ነው። የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 አፋር ዲኪካ ያገኛት ሕፃን ሰላም የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። በ2020 የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ የዝርያዋ አንጎል አሠራሩ እንደ ቺምፓንዚ ቢሆንም አስተዳደጉ ግን ዘገምተኛ ነበር። ረጅሙ ልጅነት ከትልቁ አንጎል ቀድሞ መጣ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል? አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቧንቧ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ያኔ ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። በዚያች አጭር ጊዜ ጂኖቹ በተራቸው መብራት፣ ሕዋሳቱም መባዛት አለባቸው። ለዚህ ፎሊክ አሲድ ያስፈልጋል። ሁሉም በዚህ ብቻ ባይመጣም፣ ሲጎድል ቧንቧው ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። በየሰፈሩ ግን እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ «እርግማን ነው» እየተባለ በእናቲቱ ይፈረዳል።

አገራችን በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ግን እኮ የራሱን ገብስ በሰፈር ወፍጮ ለሚያስፈጭ ገበሬ የፋብሪካ ዱቄት ምኑ ነው? ስለዚህ ለመውለድ ያሰበች እህታችን ከማርገዟ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ስለ እንክብሉ ትጠይቅ። እኛም «እርግማን» የሚለውን ቃል እንተው።