ከሰባራ ድልድይ እስከ ስልክ ገንዘብ

ሉላዊነት ማለት ሰው፣ ሸቀጥ፣ ገንዘብና ወሬ የአገርን ድንበር ተሻግረው በፍጥነት የሚዘዋወሩበትና በሩቅ የተደረገው ነገር በቅርብ ያለውን ኑሮ የሚለውጥበት ሂደት ሲሆን፣ ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ የነበረው ይህ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ከፈረሰ በኋላ፣ ተጓዡ በሁለቱ ዳርቻዎች በቆሙ ሰዎች በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የተመለከተው አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ፣ ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዲጠገን ከማድረጉም በላይ፣ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት መሠረተ፤ ጥገናውን ጎርፍ ከወሰደው በኋላም በብረት ገመድ የተንጠለጠለ መሻገሪያ ተሠራ።

ርቀትን የሚያሻግረው ግን ድልድይ ብቻ አይደለም፤ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ዳር የሚኖረው ጤፍ አምራች፣ ዛሬ ከቤቱ ሳይወጣ የሌላ ገበያ ዋጋ በስልክ መጠየቅ ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር፣ ማለትም ስልክ እንደ ገንዘብ ቦርሳ እንዲያገለግል የሚያደርግ ሥርዓት፣ ያለ ኢንተርኔትም በአጭር ቁጥር ስለሚሠራ ተራ ስልክ ለያዘውም ይደርሳል።

ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው፣ ቅስቱ የፈረሰ ድልድይ መንገደኛን እንደሚያስቀር ሁሉ የተቋረጠ መረብም ኑሮን ያስተጓጉላል፤ ስለዚህ አዲሱ መሻገሪያ የሆነው የስልክ መረብም እንደ አሮጌው ድልድይ ጠባቂ ያሻዋል።