የኩላሊት እጥበት ያልጀመሩ ወላጆች ተተዉ ማለት ነው?

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቤሪያና ጄፒ ያላችሁ ወገኖች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ዶክተር፣ የእማዬ ኩላሊት ሥራ አቁሟል ተባልን። እጥበት ካልጀመረች ተፈረደባት ማለት ነው?»

አይደለም። እኛ የኩላሊት ሐኪሞች ከዕድሜ ይልቅ አቅም እናያለን። ገላቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ? ደረጃ ይወጣሉ? ስንቴ ወደቁ? ኪሎ ቀነሱ? ብርቱ የ80 ዓመት አዛውንት በእጥበት ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ የ68 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ላይጠቀሙ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በአረጋውያን መንከባከቢያ እያሉ እጥበት የጀመሩ 3,702 ሰዎችን ተከታትሏል። በዓመቱ 58 በመቶዎቹ ሞተዋል፤ የቀድሞ አቅማቸውን እንደያዙ የቆዩት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። ማሽኑ ደም ያጣራል እንጂ ጉልበት አይመልስም።

ያለ እጥበትም ሕክምና አለ፦ ለደም ማነስ፣ ለማሳከክ፣ ለትንፋሽ ማጠር፣ ለሕመም።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ ግን አንድ ነገር ለዩ። በመንግሥት ሆስፒታል የእጥበት ቦታ ውስን ስለሆነ ታካሚ ይመረጣል፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1997 ሱብራሞኒ በተባሉ ታካሚ ጉዳይ ይህን አጽንቷል። ስለዚህ «አይሆንም» ስትባሉ ምክንያቱ የቦታ እጥረት ነው ወይስ እጥበቱ ስለማይጠቅማቸው ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ከሁሉ በፊት ግን እማዬን ራሷን ጠይቋት። ጥያቄ ካላችሁ ስም ሳትጠቅሱ ከታች ጻፉልኝ።